ለስፌት የሚሆን የእንፋሎት ካውያ አመራረጥና አያያዝ

ለቤት የሚገዛ ካውያና ለስፌት የሚገዛ ካውያ መልካቸው አንድ ቢሆንም ሥራቸው ለየቅል ነው። የቤቱ በሳምንት አንዴ ሁለቴ ይሞቃል፣ የታጠበ ሸሚዝና ሱሪ ላይ ይንሸራተታል፣ ከዚያ ወደ ቦታው ይመለሳል። የስፌቱ ጠዋት ከተሰካ እስከ ማታ ሥራ ላይ ነው። አንድ መስመር በተሰፋ ቁጥር ይነሳል፣ ለጥቂት ሰከንድ ይጫናል፣ ይቀመጣል፣ እንደገና ይነሳል። የሚያርፈውም ጠርዙ ገና ባልተያዘ፣ ትንሽ ሲጎትቱት በሚለጠጥ ቁራጭ ላይ ነው። ነጭ የሐበሻ ልብስ ለሚሰፋ ሰው ደግሞ ሌላ ስጋት አለ፤ ከካውያው የወጣች አንዲት ቡናማ ጠብታ የስንት ቀን ሥራ ታበላሻለች።

ስለዚህ ካርቶኑ ላይ በትልልቅ ፊደል የሚጻፉት የእንፋሎት ግራምና የቀዳዳ ብዛት ለስፌት ሰው ሁለተኛ ደረጃ ናቸው። በመጀመሪያ የሚታየው ሙቀቱ ሳይዋዥቅ መቆየቱ፣ ውሃ አለማንጠባጠቡ፣ ክብደቱና የአፍንጫው ቅርጽ ነው።

ካውያው ጨርቁ ላይ የሚሠራው

ጥጥና ሱፍ እርጥበት ሲያገኙ ክራቸው ይለሰልሳል፤ ሙቀት እርጥበቱን ሲያባርረው ደግሞ በተያዙበት ቅርጽ ይቀራሉ። ቅርጹ የሚጸናው ካውያው ጨርቁ ላይ ባለበት ሰዓት ሳይሆን ከተነሳ በኋላ፣ ጨርቁ ደርቆ ሲቀዘቅዝ ነው። ገና ትኩስ እያለ ጨርቁን የሚያነሳ ሰው የተጫነውን መልሶ ያፈርሰዋል። ኮሌታ ላይ ወይም ሽንሽን ላይ ይህ ወዲያውኑ ይታያል፤ መስመሩ ስል መሆኑ ቀርቶ ይለዝባል። እንግዲህ ብዙ እንፋሎት ማለት ብዙ እርጥበት ነው፣ ብዙ እርጥበት ደግሞ ለመድረቅ ብዙ ጊዜ ይፈልጋል። እንፋሎት የበዛበት ካውያ ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም የሚባለው ለዚህ ነው።

ሌላው ነገር፣ ያልተጠናቀቀ ስፌት ላይ ካውያ አይገፋም። ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ በራሱ ክብደት ይጫናል፣ ተነስቶ ወደሚቀጥለው ቦታ ይሄዳል። በሰያፍ የተቆረጠ ጠርዝ ላይ እንፋሎት እየለቀቁ ቢገፉት ጨርቁ ይለጠጥና ከአቻው ጋር አይገጥምም። የካውያው ክብደት የሚፈለገውም ለዚህ ነው፤ ቀላል ካውያ የያዘ ሰው በክንዱ ስለሚጫን ቀኑን ሙሉ ትከሻው ይደክማል። በእጅ ለሚያዝ ካውያ ከ1.3 እስከ 1.8 ኪሎ ግራም ያለው ለስፌት ይስማማል።

ሦስቱ ዓይነቶች

የመጀመሪያው በየቤቱ ያለው፣ ውሃውን በሆዱ የሚይዝ ካውያ ነው። ከ200 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ውሃ ይይዛል፣ በ220 ቮልት አገር የሚሸጡት አብዛኛውን ጊዜ ከ1,600 እስከ 2,600 ዋት ናቸው። ለጀማሪ፣ እቤቱ ለሚሰፋና በቀን ከሁለት ሦስት ሰዓት በላይ ለማይሠራ ሰው ይህ ይበቃል። ደካማ ጎኑ ውሃው ቶሎ ማለቁና የሚያንጠባጥብበት ምክንያት ብዙ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ከላይ በሚሰቀል ጠርሙስ ውሃ የሚያገኘው የልብስ ሰፊዎች ካውያ ነው። ለሥራ የሚመከረውም እሱ ነው። ጠርሙሱ ሁለት ሦስት ሊትር ውሃ ይይዛል፤ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ቢያንስ 1 ሜትር፣ ቢቻል 1.5 ሜትር ከፍ ብሎ ይሰቀላል። ውሃው በቀጭን ቱቦ በራሱ ክብደት ይወርዳል። እጀታው ላይ ያለው ቁልፍ ሲጫን ትንሽ ቫልቭ ቀጭ ብሎ ይከፈትና ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ትኩሱ ብረት ውስጥ ገብቶ እንፋሎት ይሆናል። ኃይሉ 1,000 ወይም 1,200 ዋት አካባቢ ብቻ ቢሆንም ብረቱ ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱን ይይዛል፣ በየደቂቃው አይዋዥቅም። ቁልፉ ካልተነካ ውሃ የለም፤ ደረቅ ሲፈለግ ሙሉ በሙሉ ደረቅ ነው።

የዚህ ካውያ ጥቅም የሚገኘው ሥርዓቱ ከተጠበቀ ነው። ሲሰካ መጀመሪያ የጠርሙሱ የውሃ ቧንቧ ዝግ ይሁን። ሙቀቱ ወደ ጥጡ ደረጃ ተደርጎ አስር ደቂቃ ያህል ይጠበቅ። ከዚያ ቧንቧው ተከፍቶ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት የእንፋሎት ግፊቶች አሮጌ ጨርቅ ላይ ይለቀቁ፤ ሌሊቱን ቱቦው ውስጥ የቀረው ውሃ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ሳይሞቅ ቁልፉን የተጫነ ሰው ጨርቁ ላይ ውሃ ያፈሳል። ማታ ደግሞ ቧንቧው ተዘግቶ እንፋሎቱ እስኪያልቅ ቁልፉ ይጫን፣ ከዚያ ይነቀል። ይህ ዓይነቱ ካውያ አብዛኛውን ጊዜ በተረከዙ አይቆምም፤ አብሮት በሚመጣው ሙቀት በሚችል ላስቲክ ላይ ይተኛል። ራሱን አያጠፋምም። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ቀይ መብራት ያለው የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ ቢሠራለት፣ ከቤት ሲወጣ መብራቱን አይቶ ማረጋገጥ ይቻላል።

ሦስተኛው ውሃውን በተለየ ማሞቂያ ውስጥ አፍልቶ በግፊት በቱቦ የሚልክ ነው። ኮት፣ ወፍራም ሱፍ፣ መጋረጃ ለሚሠራ ሰው ጥሩ ነው፤ ቦታ ይፈልጋል፣ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ማሞቂያው ውስጥ ዝቃጭ ሲጋገር ጥገናው ከባድ ነው። የማሞቂያው ክዳን ትኩስ እያለ ፈጽሞ አይከፈት፤ ተነቅሎ፣ ግፊቱ ወጥቶ፣ ቀዝቅዞ ነው የሚከፈተው።

መብራት በማይደርስበት ቦታ የከሰል ካውያ ዛሬም ይሠራል፤ ክብደቱና የብረቱ ውፍረት ለስፌት የተመቸ ነው። እንፋሎቱን የሚተካው በደንብ የተጨመቀ እርጥብ አቡጀዲ ነው። አመዱ ጨርቅ ላይ እንዳይበተን ከሰሉ ጢሱን ጨርሶ ፍም ሲሆን ብቻ ይግባ።

ዋቱና መብራቱ

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የእንፋሎት መጠን እውነት መሆኑን በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። በ20 ዲግሪ ያለ አንድ ግራም ውሃ አፍልቶ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ 2,600 ጁል ያህል ኃይል ያስፈልጋል። አንድ ዋት ማለት በሰከንድ አንድ ጁል ስለሆነ 1,200 ዋት ካውያ በደቂቃ የሚያገኘው 72,000 ጁል ነው። ሁሉንም ለእንፋሎት ቢያውለው እንኳ ከ28 ግራም አይበልጥም። ስለዚህ 1,200 ዋት ሆኖ ሳለ ያለማቋረጥ በደቂቃ 50 ግራም ይሰጣል የሚል ካርቶን ካጋጠመ ቁጥሩ የአጭር ጊዜ ግፊት ነው፣ ወይም ስህተት ነው። ግፊቱ ብረቱ ውስጥ ከተከማቸው ሙቀት ስለሚመጣ ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ደጋግመው ሲጫኑት ግን ብረቱ ይቀዘቅዝና ውሃ መትፋት ይጀምራል።

መብራት ሲደክም ደግሞ ነገሩ ይከፋል። የካውያው ኃይል ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፤ በካሬው ነው የሚወርደው። በ220 ቮልት 2,400 ዋት የሆነ ካውያ መብራቱ ወደ 180 ቮልት ሲወርድ 1,600 ዋት ያህል ብቻ ይሆናል። ማታ ማታ ካውያው ያንጠባጥባል የሚሉ ሰዎች አንዳንዴ ችግሩ ከካውያው አይደለም፤ ሰፈሩ በሙሉ ምጣድ ጥዶ ቮልቱ ወርዶ ነው። እንዲህ ባለ ሰዓት እንፋሎቱን ቀንሶ፣ በእርጥብ ጨርቅ መሥራት ይሻላል።

2,400 ዋት ካውያ በ220 ቮልት 11 አምፔር ያህል ይስባል። ቀጭን ሽቦ ያለው ማከፋፈያ ይህን አይችልም፤ ይሞቃል፣ ላስቲኩ ይለሰልሳል፣ መጨረሻው እሳት ነው። በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካ። ማከፋፈያ ግድ ከሆነ ሽቦው ቢያንስ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ተጠቅልሎ ያለውም ሙሉ በሙሉ ይፈታ። በዚያው ማከፋፈያ ላይ የስፌት መኪናው እንጂ ሌላ የሚያሞቅ ዕቃ አይሰካ።

ከውጭ ካውያ የሚልኩ ዘመዶች ይህን ቢያውቁት ብዙ ገንዘብ ይተርፋል። ከአሜሪካ የሚመጣው ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። 1,500 ዋት የተባለው 220 ቮልት ላይ ቢሰካ ከ5,000 ዋት በላይ ለመሳብ ስለሚሞክር ወዲያው ይቃጠላል። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ማግኘት ይቻላል፤ ነገር ግን ቢያንስ 2,000 ዋት መቻል ስላለበት ከካውያው የከበደና የተወደደ ይሆናል። ከባሕረ ሰላጤው አገሮችና ከእስራኤል የሚመጣው ቮልቱ ይስማማል፤ የሚለየው ሶኬቱ ነው። አስማሚ ከመሰካት ይልቅ የመሬት መስመር ያለው 16 አምፔር የሚችል መሰኪያ በባለሙያ ቢቀየርለት ይመረጣል።

ሱቅ ውስጥ የሚፈተሸው

ካርቶኑን ትተው ካውያውን ይያዙት። ተረከዙ ወይም እጀታው ሥር የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ሞዴሉ፣ ቮልቱ፣ ዋቱ ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ካልገጠመ ዕቃው ከሌላ ካርቶን ገብቷል ወይም አስመስሎ የተሠራ ነው። የመሰኪያውን የመሬት መስመር ይፈልጉ። ሁለት ቀጫጭን እግር ብቻ ያለው፣ በጎኑ የብረት ንክኪ የሌለው መሰኪያ የውሃና የብረት ዕቃ ለሆነ ነገር አይታመንም።

ከዚያ ብረቱን ገልብጠው ማስመሪያ በጎኑ ያቁሙበት። ማስመሪያውና ብረቱ መካከል ብርሃን ከታየ ብረቱ ጠማማ ነው፤ መሐሉ የማይነካ ካውያ ደግሞ የሚጣበቅ የውስጥ ማጠናከሪያ ጨርቅ ላይ አረፋ ይተዋል። ጠርዙን በጥፍር ያስሱት፤ ሻካራ ከሆነ ክር ይመዛል። አፍንጫው ሾል ያለ መሆኑን ይመልከቱ፣ ምክንያቱም የተከፈተ ስፌት መሐል፣ የኮሌታ ጫፍና በአዝራሮች መካከል የሚገባው እሱ ነው። ገመዱ 2 ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ከካውያው የሚወጣበት ቦታ እንደ ልብ የሚዞር ካልሆነ በመታጠፍ ብዛት ሽቦው ውስጥ ውስጡን ይበጠሳል።

የብረቱ ዓይነት ብዙ ያነጋግራል። የማይዝግ ብረት ጠንካራ ነው፣ መርፌና ዚፕ አይጎዱትም፣ ለማጽዳት ይቀላል። ሴራሚክ የተቀባው በደንብ ይንሸራተታል፤ ዚፕ ወይም አዝራር ሲመታው ግን ሊፈነቀል ይችላል፣ ከተፈነቀለ በኋላ አይጠገንም። የማያጣብቀው ጥቁር ቅብ ለቤት ይመቻል፤ ስፒል በበዛበት የስፌት ጠረጴዛ ላይ ቶሎ ይጫጫራል። ለስፌት ምርጫው የማይዝግ ብረት ነው። ጠርሙስ ላለው ካውያ ደግሞ ከሥሩ የሚጠለቅ የቴፍሎን ጫማ አብሮ ይገዛ፤ ጥቁር ሱፍና ፖሊስተር እንዳያብረቀርቅ ይከላከላል። ጫማው ሙቀት ስለሚቀንስ መዞሪያውን ትንሽ ከፍ ማድረግና መጀመሪያ ሞቆ እስኪዘልቅ መጠበቅ ያስፈልጋል።

እንፋሎቱ ሙሉ በሙሉ የሚዘጋበት ቦታ መኖሩን ያረጋግጡ። ሙቀቱን በእጅ የሚያስተካክሉበት መዞሪያ የሌለው፣ ለሁሉም ጨርቅ አንድ ሙቀት ይበቃል ተብሎ የተሠራ ካውያ ለቤት ያለጥርጥር ይመቻል፤ ለስፌት ግን አይሆንም። የውስጥ ማጠናከሪያና ወፍራም ጥጥ አንድ ዓይነት ሙቀት አይፈልጉም። ራሱን የሚያጠፋውም እንዲሁ ይታሰብበት። ብዙዎቹ ጠፍጣፋ ተኝተው 30 ሰከንድ፣ ቆመው 8 ደቂቃ ከቆዩ ይጠፋሉ። አንድ እጅጌ ሰፍተው ሲመለሱ ቀዝቅዞ ይጠብቅዎታል። ሕፃናት ባሉበት ቤት ግን ይህን ችግር ታግሶ ራሱን የሚያጠፋውን መግዛት ይገባል።

ሻጩ ካስሰካልዎት አንድ ሁነኛ ፈተና አለ። ትንሽ ያረጠቡትን አቡጀዲ ጠረጴዛ ላይ ያንጥፉ። ካውያውን ያለ ውሃ ወደ ሦስት ነጥብ፣ ማለትም ወደ ከፍተኛው የሙቀት ምልክት ያዙሩት፣ የካውያው ትንሽ መብራት ጠፍቶ እንደገና በርቶ እስኪጠፋ ይጠብቁ። ጨርቁ ላይ ለአምስት ሰከንድ አስቀምጠው ቀጥ አድርገው ያንሱት። የደረቀው ቦታ የካውያውን ሙሉ ቅርጽ ከያዘ ሙቀቱ ተዳርሷል። አፍንጫው ወይም ጠርዙ አካባቢ እርጥብ ከቀረ የስፌት ሥራ የሚሠራበት ዋናው ቦታ ቀዝቃዛ ነው ማለት ነው። ከዚያ ውሃ ሞልተው፣ እንፋሎቱን ዘግተው፣ ደረቅ ወረቀት ላይ ለአስር ደቂቃ ያቁሙት። ወረቀቱ ከረጠበ ወይም ሲያጋድሉት ጠብ ካለ አይግዙት፤ አዲስ ሆኖ የሚያፈስ ካውያ ሲያረጅ አይሻለውም።

ውሃ

ካውያ የሚገድለው ውሃ ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ካውያው ውስጥም ይጋገራል፤ ልዩነቱ ማንቆርቆሪያው ክፍት ስለሆነ ይታያል፣ ይፋቃል፣ ካውያው ግን ዝግ ነው። ከከርሰ ምድር የሚመጣ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ከግድብ ውሃ ይልቅ ማዕድን ይበዛዋል። ድሬዳዋና መቀሌ ያሉ ሰዎች ይህን ከማንቆርቆሪያቸው ያውቁታል፤ ሁለቱም የኖራ ድንጋይ ባለበት ምድር ላይ ናቸው። እርስዎም ማንቆርቆሪያዎን ይመልከቱት። በአንድ ወር ውስጥ ነጭ ሽፋን ከያዘ ያን ውሃ ብቻውን ካውያ ውስጥ አይጨምሩ።

በሆዱ ውሃ ለሚይዝ ካውያ ግማሽ የቧንቧ፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ መቀላቀል ጥሩ ነው። ነዳጅ ማደያና የመኪና ዕቃ መሸጫ የሚገኘው ለባትሪ የሚጨመር ውሃ ይሆናል፤ ነገር ግን ጠርሙሱ ላይ ንጹህ የተጣራ ውሃ መሆኑ ተጽፎ ይነበብ። ባትሪ የሚሞላበት አሲድም እዚያው መደርደሪያ ላይ ይሸጣል፣ እሱ ካውያውንም ልብሱንም እጅንም ይበላል። የተጣራ ውሃ ከታጣ የቧንቧውን አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ከላይ ያለውን ብቻ ቀድቶ መጠቀም የተወሰነውን ዝቃጭ ያስቀራል። ሁሉንም አያስቀርም።

የታሸገ ውሃ በመታሸጉ ብቻ ከማዕድን ነፃ አይሆንም። ከኤሲ የሚንጠባጠበውን ውሃ የሚጠቀሙ አሉ፤ አቧራና የብረት ዝገት ይዞ ስለሚወርድ አይጠቅምም። ሽቶ ወይም ስታርች ያለበት ውሃም ውስጥ አይግባ፤ ትኩሱ ብረት ላይ ያርና በኋላ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ስታርች ካስፈለገ ጨርቁ ላይ ተረጭቶ፣ እስኪመጥ ተጠብቆ ነው የሚተኮሰው።

ባለ ጠርሙሱ ካውያ ጠርሙሱ ውስጥ ማዕድን የሚይዙ ትንንሽ ፍሬዎች አሉት። ቀለማቸው ሲለወጥ መያዝ አቁመዋል ማለት ነው፤ ይቀየሩ። ብዙ ካውያ የሚበላሸው እነዚህ ፍሬዎች ከተገዙበት ቀን ጀምሮ ሳይቀየሩ በመቅረታቸው ነው።

ውስጡን ማጠብ እንዲህ ነው። ማጠቢያ ቁልፍ ያለው ካውያ ውሃ እስከ መስመሩ ይሞላል፣ ሙቀቱ እስከ መጨረሻ ይዞራል፣ መብራቱ ሁለት ጊዜ እስኪጠፋ ይጠበቃል፣ ይነቀላል። ከዚያ ሳፋ ላይ አግድም ይዘው፣ እጅዎን ከሥሩ አርቀው፣ ቁልፉን ተጭነው ወዲያና ወዲህ እያወዛወዙ ውሃውን ያስጨርሱት። ነጭ ፍርፋሪ ሲወጣ ያያሉ። በየቀኑ የሚሠራ በሁለት ሳምንት አንዴ፣ አልፎ አልፎ የሚሠራ በወር አንዴ ቢያደርገው ይበቃል። ኮምጣጤ የሚያስገቡ ብዙ ናቸው፤ ብዙ አምራቾች ይከለክሉታል፣ የውስጡን ቅብና የላስቲክ ማኅተሙን ይጎዳል።

የሥራው ቦታ

ጥሩ ካውያ መጥፎ ጠረጴዛ ላይ አይሠራም። ጠንካራ ጣውላ ላይ ሁለት እጥፍ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ከላይ ታጥቦ የተኮማተረ ነጭ አቡጀዲ ይበቃል። ስፖንጅ ይለሰልሳል፣ ካውያውም ይሰምጥበታል፤ ፕላስቲክ ያለበት ልባስ እንፋሎቱን መልሶ ወደ ጨርቁ ይልካል። ሌላ ክንድ የሚያህል አቡጀዲ እንደ ላይ ጨርቅ፣ ማለትም በካውያውና በልብሱ መካከል የሚደረግ ጨርቅ፣ ሁልጊዜ አጠገብ ይኑር።

በየጨርቁ

የልብስ መለያ ላይ ያሉት ነጥቦች የብረቱን ሙቀት ይናገራሉ፤ አንድ ነጥብ ወደ 110 ዲግሪ፣ ሁለት ወደ 150፣ ሦስት ወደ 200 ዲግሪ አካባቢ ነው። አብዛኞቹ ካውያዎች እንፋሎት በትክክል የሚሰጡት ከሁለት ነጥብ ጀምሮ ነው። ከዚያ በታች እንፋሎት ከተከፈተ ውሃው ሳይፈላ ይወርዳል። የመጀመሪያው ሙቀት ደግሞ ከተመረጠው ከፍ ብሎ ያልፋል፤ ሐርና ስስ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ላይ ከማሳረፍዎ በፊት መብራቱ ሁለተኛ ጊዜ እስኪጠፋ ይጠብቁ።

ማንኛውም ስፌት መጀመሪያ እንደተሰፋ፣ ሳይከፈት ይጫን፤ ክሩ ጨርቁ ውስጥ ይሰምጣል። ከዚያ በጣት ተከፍቶ በአፍንጫው ይጫን። መጨረሻ ላይ በፊት ለፊቱ፣ የላይ ጨርቅ ተደርጎበት። ለጥጥ ከሦስት እስከ አምስት ሰከንድ ይበቃል።

ሙጫ ያለው የውስጥ ማጠናከሪያ ሌላ ሥርዓት አለው። ሻጩ የነገረዎት ከሌለ በትርፍራፊ ላይ ይሞክሩ፤ ብዙውን ጊዜ መካከለኛ ሙቀት፣ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ፣ በጥብቅ ጭነት፣ ሳይንሸራተት ነው። የእንፋሎት ቀዳዳ ያለበት ቦታ ስለማይጫን ካውያውን ግማሽ ስፋቱን ፈቀቅ አድርገው ድጋሚ ይጫኑ፤ አለበለዚያ ሲታጠብ በቀዳዳዎቹ ልክ አረፋ ያወጣል። ጠፍጣፋ እንደሆነ ይቀዝቅዝ።

የፈትል ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት ይፈተን። በክር 20 በ20 ሴንቲ ሜትር ካሬ ምልክት አድርገው፣ እንፋሎት አጠግበው፣ ሲደርቅ ይለኩት። ካሬው ካነሰ ሙሉው ጨርቅ በእንፋሎት ተዘጋጅቶ ነው መቆረጥ ያለበት። ጥበቡ ላይ የሚያብረቀርቅ ክር ካለ ብዙ ጊዜ ሰው ሠራሽ ስለሆነ በሦስት ነጥብ ሙቀት ይኮማተራል፤ ወፍራም ፎጣ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ፣ ከጀርባው፣ በሁለት ነጥብ ወይም ከዚያ በታች፣ የላይ ጨርቅ ተደርጎበት ይጫን። ቀይና ጥቁር ክር እርጥበት ሲያገኝ ነጩ ላይ ሊለቅ ስለሚችል ጥበቡ አጠገብ እንፋሎቱን ይዝጉ። ጋቢ አይተኮስም፤ ልስላሴው ይጠፋል። ከፋይ ላይ ካውያ አያርፍም፤ ከ2 ሴንቲ ሜትር ከፍታ እንፋሎት ብቻ ይለቀቅበታል።

አሜሪካን አገር ኩዊልት የሚባለውን፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሚገጣጠም የአልጋ ልብስ የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ በደረቅ ካውያ ቢሠሩ ይሻላል። ከስፌቱ ወደ ጠርዙ የሚቀረው ትርፍ ጨርቅ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እያንዳንዱ ስፌት በደንብ ሳይጫን ቀርቶ 1 ሚሊ ሜትር ቢበላ፣ 20 ቁራጭ የተጋጠመበት ረድፍ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል አጥሮ ከጎረቤቱ ጋር አይገጥምም። ትርፉ ወደ ጠቆር ወዳለው ጨርቅ ይታጠፍ፣ በስሱ ጨርቅ እንዳይታይ። እንፋሎት የሚለቀቀው አራት ማዕዘኑ ተጠናቆ ከተለካ በኋላ ነው።

የሚበላሸውና ምክንያቱ

ካውያው ካንጠባጠበ መጀመሪያ ሙቀቱን ይመልከቱ፤ ዝቅ ብሏል፣ ወይም የእንፋሎት ግፊቱ በተከታታይ ተጭኗል፣ ወይም ውሃው ከመስመሩ በላይ ተሞልቷል። ከእነዚህ አንዱም ካልሆነ ቫልቩ ላይ ዝቃጭ ተቀምጦ እንዳይዘጋ አድርጎታል፤ ይታጠብ። ቡናማ ጠብታ ከዝቃጭ፣ ካረረ ስታርች ወይም ውሃ እንደያዘ ቆሞ ከማደር ይመጣል። ስለዚህ ማታ ትኩስ እያለ ውሃው ይደፋ፤ የቀረው ሙቀት ውስጡን ያደርቀዋል።

ብረቱ ላይ ሙጫ ከተጣበቀ ካውያውን አሙቀው አሮጌ ጥጥ ጨርቅ ላይ ደጋግመው ይጥረጉት። የቀለጠ ፖሊስተር ሲሆን ሙቀቱ ዝቅ ብሎ፣ ሲለሰልስ በጥጥ ይጠረግ። የቀረውን ካቀዘቀዙ በኋላ ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ውሃ ለውሰው በጨርቅ ያሹት። ሽቦና ቢላዋ አይነካውም። ሻማ መቀባት የተለመደ ነው፤ ቀዳዳ በሌለው ብረት ላይ ይሠራል፣ የእንፋሎት ካውያ ላይ ግን ሰሙ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ በኋላ ነጭ ጨርቅ ላይ ይወርዳል።

ካውያው ከነዘረ ያኔውኑ ከግድግዳው ይነቀል፤ ጫማ አድርጎ መሥራት መፍትሔ አይደለም። ውሃ ማሞቂያው ጋ ደርሷል ወይም የመሬት መስመሩ አይሠራም።

ጨርሶ ካልሞቀ ብዙ ጊዜ ገመዱ እጀታው ሥር ተበጥሷል፤ ወይም ከልክ በላይ ሲሞቅ አንዴ ተቃጥሎ መስመሩን የሚዘጋው የሙቀት ፊውዝ ሄዷል። ፊውዙን በሽቦ አገናኝተው አስነስተው የሚመልሱ ጠጋኞች አሉ። ካውያው ይሞቃል፣ ነገር ግን የሙቀት መቆጣጠሪያው ከተጣበቀ የሚያቆመው ነገር አይኖርም፤ ብረቱ ከልክ በላይ ግሎ ጠረጴዛውን ያቃጥላል። ሲጠገን ተመሳሳይ ዲግሪና አምፔር የተጻፈበት ፊውዝ ይግባ፣ የወጣው አሮጌውም ይመለስልኝ ብለው ይጠይቁ፤ ሁለቱን አስተያይተው ቁጥሩ አንድ መሆኑን አይተው ይክፈሉ።